የካፒታኖው ዓሣ ኩሬና የሸጋው በልፍ

ባሌ ሸጋው ሲበዛ ግትር ነበር። እኔም ግትር ነኝ፤ የኔ ግን ምላሴ ላይ ነው፣ የሱ እጁ ላይ። አንዴ አይሆንም ካለ በጥማድ በሬ ብትጎትቱት አይነቃነቅም። መተማ ላይ የሚያስታውሰው ሰው "ያ ቧንቧ ገጣሚው" ብሎ ያልፈዋል። ስለ ካፒታኖው ኩሬ የሚያወራ የለም፤ ነገሩን ከሥሩ የማውቀው እኔ አሰበች ነኝ፣ እኔ ደግሞ የራሴን ክፉ ማውራት አልወድም። ዛሬ ግን ልናገረው፤ ሳልናገረው ብሞት ይቆጨኛል።

ሸጋው የወገራ ልጅ ነው። ጢም ሳያወጣ ከእኩዮቹ ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ወረደ። እኩዮቹ አጭደው ሲመለሱ እሱ ድንበር ተሻግሮ ገዳሪፍ ገባና በባቡር ጣቢያው የውኃ ሥራ ላይ ተቀጠረ። አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ቧንቧ ሲገጥሙ እያየ፣ መፍቻ እያቀበለ ስድስት ዓመት ቆየ። ሲመለስ ያመጣው ሀብት ሦስት መፍቻና አንድ የብረት መጋዝ ነው። እናቴ ነፍሷን ይማርና "ልጄን ለብረት ለቃሚ አልድርም" ብላ አኮረፈች። እኔ ግን ወደድሁት፣ ምን ይደረግ። እሷ አባቴን አንቱ ስትል ኖራለች፤ እኔ ሸጋውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ አንተ አልሁት፣ ጎረቤቱም ጉድ አለ።

ጣሊያን መተማን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ በሠላሳ አንድ፣ እኔ በምሽጉ ግቢ የካፒታኖውን ልብስ አጥብ ነበር። ሸጋው ደግሞ በከተማው የተሰበረውን ቧንቧና የውኃ ሞተር ይጠግናል። በኅዳር ወር ታናሽ ወንድሜን ውባንተን ከሽንፋ እጁን የኋሊት አሥረው አመጡት። ለአርማጭሆ አርበኞች ማሽላ አቀብሏል አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ማሽላውን የፈጨሁትም እኔው ነኝ። በዚሁ ነገር ከሱ በፊት የተያዙ ሁለት ሰዎች ገበያው ዳር ተሰቅለው ሦስት ቀን ውለዋል። ውባንተ ገና ሃያ ዓመቱ ነው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ከሱ ሌላ ዘመድ የምለው አልነበረኝም።

ካፒታኖው እግር ላይ ወደቅሁ። ካፒታኖው ምሽጉን የሚያዝ ቀይ የጣሊያን ሻምበል ነው፣ ሲናገር ወደ ሰው አያይም። የሚናገርለት አስተርጓሚ አለው፤ ሸሚዙን እኔው አጥቤ የምተኩስለት፣ አማርኛ ሲናገር ቃል የሚቆጥብ። አስተርጓሚው እንዲህ አለኝ፦

"ካፒታኖው በአትክልት ቦታቸው የዓሣ ኩሬ ያሠራሉ። ሁለት ጊዜ ተሠርቶ ሁለቱንም ጊዜ ውኃው ሲያድር ጠፋባቸው። ባልሽ ያብጀው። ከጥምቀት በኋላ ከጎንደር ትልቅ ሹም ይመጣሉ። እሳቸው ዓሣው ሲዋኝ ካዩ ወንድምሽ ይፈታል። ኩሬው ከደረቀ ወይም ዓሣው ካለቀ ይሰቀላል። ገባሽ?"

"ገባኝ ጌታዬ" አልሁ። የሰው ነፍስ ከዓሣ ነፍስ ጋር ተመዘነ እንግዲህ።

ሸጋው ኩሬውን ዞሮ አየው። ስምንት ክንድ በስድስት ክንድ ነው፣ ጥልቀቱ እስከ ደረት፣ ሲሚንቶው መልካም ነው። ጥፋቱ ያለው ከሥሩ ነበር። የኛ አገር ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ደግሞ እግር እስኪውጥ ይሰነጠቃል፤ እንዲያው የቀበሩበትን ቧንቧ ቆርጦ ይጥለዋል። ውኃው ሁለቱንም ጊዜ ያመለጠው በተሰበረው የመውረጃ ቧንቧ ነው።

"ታዲያ መውረጃውን ለምን ደፍነኸው አትገላገልም?" አልሁት።

"በዚህ ሙቀት የማይለወጥ ውኃ በሳምንቱ ይሸታል፣ ዓሣውም ያልቃል። ወንድምሽን የሚያወጣው መውረጃው ነው" አለኝ።

የግንባታው ኃላፊ፣ እሱም ጣሊያን ነው፣ ከመጋዘን አንዲት ቢጫ ብረት አውጥቶ ሰጠው። አዲስ ናት፣ ታብለጨልጫለች፣ ቀዳዳዋ አውራ ጣት ያስገባል። ውኃ የሚዘጋና የሚከፍት እንዲህ ያለውን ብረት እኛ ከሱዳኖቹ ተቀብለን በልፍ እንለዋለን። ሸጋው ገልብጦ ገልብጦ አያትና መለሰለት። ከዚያ ወደ ሙሐመድጣሂር ሄደ። ሙሐመድጣሂር ከገዳሪፍ አሮጌ ብረት እያስመጣ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ሸጋው ከሱቁ ጓሮ ቡጢ የሚያስገባ አሮጌ የባቡር ጣቢያ በልፍ አገኘ። ዝጓል፤ የሚዞርበት እጀታውም ጠፍቷል።

"አንተ ሰው፣ አዲሱን ትተህ ይህን ውራጅ ልትገጥም ነው? የወንድሜ አንገት እኮ ነው" አልሁት።

"አንገቱ ስለሆነ ነው" አለ። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሁለቱን አስረዳኝ። የትንሿ ውስጧ ጠመዝማዛ ነው፤ ውኃው ወጥቶ ወርዶ ነው የሚያልፈው፣ ቅጠልና ጭቃ ከገባ እዚያው ይወተፋል። የትልቁ ውስጥ ደግሞ አንዲት የብረት ሳንቃ አለች፤ ስትነሣ መንገዱ ወለል ይላል፣ ስትወርድ ጥርቅም። "መቼ በፍጥነት ማጉደል እንደሚያስፈልግ አይታወቅም። ኩሬው ከሞላ በኋላ ደግሞ በልፍ አይለወጥም" አለኝ። እኔ ግን የገባኝ የብረቱ ዝገት ብቻ ነው። ያን ቀን እስኪመሽ ስነዘንዘው ዋልሁ።

ኃላፊው ጣሊያንም እንደኔው ነዘነዘ። ኩሬ ነው እንጂ ባቡር አይደለም፣ ትንሿ ትበቃዋለች አለ። ነገሩ ካፒታኖው ዘንድ ደረሰ። ሸጋው ምንም አልተከራከረም። ጭቃና ቅጠል በሁለት ጣሳ በጥብጦ አመጣና በካፒታኖው ፊት በሁለቱም በልፍ አፈሰሰ። ትንሿ ጥቂት ተንጠባጠበችና ዝም አለች። ትልቁ ጭቃውን እንዳለ ተፋው፤ የካፒታኖው ጫማ ላይ ተረጨ። እኔ ከልብስ ማድረቂያው ገመድ ሥር ሆኜ ዓይኔን ጨፈንሁ። ካፒታኖው ጫማውን አየና ሳቀ። "አሮጌው ይግባ። ቃሌ ግን ያው ነው" ብሏል አሉ።

ሸጋው ሦስት ሳምንት ሠራ። አሮጌውን በልፍ ፈታትቶ ዝገቱን በአሸዋ ፈተገው፤ ሳንቃዋ ከመቀመጫዋ ጋር እስክትገጥም በዘይትና በደቃቅ አሸዋ አፋጫት፤ ሞራ ቀባት። በጠፋው እጀታ ምትክ ከዞቢ እንጨት ጠርቦ አበጀለት፤ ዞቢ መጥረቢያ የሚያጥፍ እንጨት ነው። የቧንቧውን ቦይ ከልኩ በላይ አስፍቶ ቆፈረና ከጓንግ ወንዝ ባመጣው አሸዋ ሞላው፤ ዋልካው ሲያብጥና ሲሰነጠቅ አሸዋው ይቀበለዋል፣ ቧንቧውን አያገኘውም። ቧንቧው በየክንዱ አንድ ጣት እየወረደ እንዲሄድ ለካው። በልፉን ከኩሬው ውጭ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ በሚደርስበት የጡብ ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጠው። ወለሉ ላይ ባለው የመውረጃ አፍ በሚስማር የተበሳሳ ቆርቆሮ ከደነበት፣ ዓሣው እንዳይሾልክ። ውኃው ከልኩ ሲያልፍ የሚፈስበት አፉ ክፍት የሆነ አጭር ቧንቧም ዳር ላይ አቆመ።

በቧንቧዎቹ መጋጠሚያ ጥርስ ላይ የሚጠቀለለው ፈትል ከኔ ነበር። እኔ ፈተልሁት፣ ሰም አጠጣሁት፣ እሱ ጠቀለለው። ቦዩን ሳይደፍን መጋጠሚያዎቹ ሁሉ ላይ ደረቅ አመድ ነሰነሰና ኩሬውን ሞላው። በማግሥቱ አመዱ ላይ የአንድ ጠብታ ርጥበት ከተገኘ ወንድሜ የለም ማለት ነው። ሄጄ ማየት አቃተኝ። ሸጋው ተንበርክኮ አመዱን ዳበሰና መዳፉን ከሩቅ አሳየኝ። ደረቅ ነበር። ወንድሜ ከተያዘ ወዲህ የበላሁት እህል የጣመኝ ያን ቀን ነው።

ከጓንግ ኩሬዎች አርባ ቆሮሶ ዓሣ ተጠምዶ፣ በበርሜል በበቅሎ ተጭኖ መጣ። ኩሬው ውስጥ ገቡና እንደ ቤታቸው ተንሸራሸሩ። ሹሙ ሊመጡ ሁለት ቀን ቀርቷል። እየሄድሁ እቆጥራቸው ነበር፤ አርባ። ልብስ ሳሰጣም እየተመለስሁ እቆጥራለሁ።

ሹሙ የሚመጡበት ቀን ረፋድ ላይ አስተርጓሚው ጠራኝ። "የኩሬው ከንፈር በሠራተኛ እግር ጨቅይቷል። ነጭ አድርጊው፣ ቶሎ በይ" አለ። ነጭ ማድረግ ላሉት እኔ አለሁ። መቼም ሙያዬ ነው፣ አልኮራም ብል እዋሻለሁ። የሸጋው እናት ከወገራ የላኩልኝ እንዶድ ነበረኝ። ወቀጥሁት፣ በጣሳ አረፋውን መታሁት፣ የድንጋዩን ዙሪያ ፈተግሁት፤ እውነትም እንደ ወተት ነጣ። ከዚያ በሦስት ቅል ውኃ አለቀለቅሁት። እጣቢው ግማሹ ወደ ውጭ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ፈሰሰ። እንዶድ አልቅት እንደሚገድል ከልጅነቴ አውቃለሁ። አልቅትና ዓሣ ምን አገናኛቸው ብዬ ላስብ።

ልብሴን አራግፌ ቀና ስል አንድ ዓሣ አፉን ከውኃ አውጥቶ አየር ይጎርሳል። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ አንደኛው ተንጋሎ ሆዱን አሳየኝ። ከጎንደር የሚመጣውን የሸሕዲን መንገድ የሚጠብቀው ወታደር ከማማው ላይ ሆኖ አቧራ አየሁ ብሎ ሲጮህ ሰማሁ፤ የሹሙ መኪኖች ናቸው።

ሸጋው ከግቢው ማዶ ሮጦ መጣ። አረፋውን አየ፣ ዓሣዎቹን አየ፣ እጄን አየ። እጄ እስከ ክርኔ አረፋ ነበር።

"ምን አድርጌ ነው?" አልሁት።

"እጅሽን ታጠቢና ወደ ልብሱ ሂጂ። ሂጂ እንጂ" አለኝ። ተቆጥቶኝ አያውቅም ነበር፤ ያኔም አልተቆጣም፣ ድምፁ ግን የሰው ድምፅ አልነበረም።

የጡቡ ጉድጓድ ላይ ተደፍቶ የበልፉን እጀታ ያዘ። ግማሽ ዞረና ቆመ። ትከሻውን አስገብቶ ገፋው፤ ጥርሱ ሲፋጭ ይሰማኛል። ከዚያ ተላቀቀ፣ ውኃውም እያጓራ ወጣ። እስክተነፍስ ድረስ ኩሬው አንድ ስንዝር ጎደለ። ያቺ ቢጫ በልፍ ብትሆን ኖሮ እስከ ማታም ይህን ያህል ባልጎደለ፤ የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። ግን ማጉደል ብቻውን ዓሣ አያድንም፣ ንጹሕ ውኃ ያስፈልጋል። ንጹሑ ያለው በወታደሮቹ ታንከር ውስጥ ነው፤ ከጓንግ በሞተር ተስቦ ለሦስት ቀን የሚጠጡት። ወደ ኩሬው የሚወርደው የመሙያ ቧንቧም ከሱ ነው የሚነሣው።

አስተርጓሚው ከፊቱ ቆመ። "የወታደር ውኃ ነው። ከነካኸው ይገድሉሃል" አለው።

"ካልነካሁትም የሚሞት ሰው አለ" አለና አልፎት ሄዶ ታንከሩን ከፈተው።

ከላይ ይገባል፣ ከታች ይወጣል። ኩሬው እስከ ጉልበት ሲደርስ በልፉን አጠበበው፤ ውኃው ከፍ ሲል እንደገና ከፈተው። ሁለት ጊዜ እንዲህ አደረገ። አረፋው እየተሽከረከረ በመውረጃው ገባ። ተንጋለው የነበሩት አንዳንዶቹ ጅራታቸውን አነቃነቁ፣ ተገለበጡ። እኔ ከገመዱ ሥር የካፒታኖውን አንሶላ በጥርሴ ነክሼ እቆጥራለሁ። ዘጠኙ ሞቱ። ሸጋው በኩታው አፍሶ የበልፉ ጉድጓድ ውስጥ ደበቃቸው። መኪኖቹ ከበሩ ሲገቡ በልፉን ጠረቀመው፤ ሹሙ ጓንታቸውን እያወለቁ ወደ አትክልቱ ሲመጡ ውኃው የዳሩን ቧንቧ አፍ ነካ።

ሹሙ ዳቦ ቆርሰው ወረወሩ። ሠላሳ አንድ ዓሣ ተሻምቶ በላ። ሹሙ አጨበጨቡ። ካፒታኖውም ኮርቶ፣ ለእንግዳው ክብር ሲል አንድ እስረኛ እንደሚፈታ በሁሉ ፊት ተናገረ። ከዚያ በኋላ ቃሉን ማጠፍ አይችልም፣ ውርደት ነው። እኔ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ቸኩዬ ነው።

እንግዶቹ ምሳ ላይ ሳሉ አንድ ወታደር ውኃ ሊጠጣ ሄዶ ታንከሩን ባዶ አገኘው። የመውረጃው ቦይ ላይ አረፋው ገና አልደረቀም። ዘጠኙም ዓሣ ከጉድጓዱ ወጡ። ካፒታኖው የሠራነውን ሁሉ አሰለፈንና ማን እንደሆነ ጠየቀ። አስተርጓሚው ወደኔ አየ፤ ያዘዘኝ እሱ ነውና እሱም ላቡ ወርዷል። እኔ አፌን ከፈትሁ።

"እኔ ነኝ። በልፉን የቀባሁት ሞራ ነው ዓሣውን የገደለው። ታንከሩንም የከፈትሁት እኔ ነኝ" አለ ሸጋው።

አፌን መልሼ ዘጋሁ። እኔ ነኝ ብል ውባንተን ያስቀሩት ነበር እያልሁ ራሴን ሳባብል ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። ያስቀሩት ይሆናል፣ ላያስቀሩትም ይችላሉ፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ውባንተን አላሰብሁም። ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ባሌን አስካሪዎቹ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ በሰደፍ እየገፉ ሲወስዱት እጄን ከቀሚሴ ሥር ደብቄ ቆሜ አየሁት።

ከሰዓት በኋላ ውባንተ በዚያው በር ወጣ። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስሁ። እሱ ግን ተናዶ ነበር፤ እስር ቤት ውስጥ ወሬው ደርሶታል።

"ያ ብረት ለቃሚ ባልሽ ዓሣውን መርዞ ሊያሰቅለኝ ነበር አሉ" አለኝ።

እስከ ቤታችን ድረስ ሲረግመው መጣ፤ እኔ ከጎኑ እየሄድሁ ዝም አልሁ።

ሸጋው ሰባት ወር ታሰረ። በየቀኑ ምሳውን እወስዳለሁ፤ ዘበኛው ሳህኑን ይቀበላል እንጂ አያገናኘኝም። ውባንተ ሽንፋ ተመልሶ በየገበያው እህቴን ያገባ ሞኝ እያለ አወራበት። ሰው መጥቶ ሲጠይቀኝ ወሬ እለውጣለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔ ግን ሆዴ ውስጥ ነቅዟል። ስንቴ ምሽጉ በር ድረስ ልናገር ሄጄ ባዶ ሳህኔን ይዤ ተመልሻለሁ።

በነሐሴ ለቀቁት። ከስቷል፣ ያስለዋል፣ ቀኝ እጁ አልዘረጋ ብሏል። ጎረቤቱ እንኳን ለቤትህ አበቃህ ሊል ዝናቡን ተቋቁሞ ቤቱን ሞላው። ሙሐመድጣሂርም ስኳር ይዞ መጣ። ውባንተ የሰው ዓይን ፈርቶ ነው መሰለኝ እሱም መጣ፤ በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

"እንኳን ወጣህ። ሁለተኛ ዓሣ እንዳትነካ ብቻ" አለው። ሰዉ ሳቀ። ሸጋውም ፈገግ አለ።

ተነሣሁ።

"ኩሬውን በእንዶድ ያጠብሁት እኔ ነኝ። ዓሣውን የገደልሁት እኔ ነኝ። እሱ አንገትህን አወጣ፤ ጥፋቴንም ወሰደ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ዝም አልሁ" አልሁ።

"አሰበች፣ ተይ" አለ ሸጋው።

"አልተውም" አልሁ።

የሚስቅ ጠፋ። ውባንተ ተነሥቶ ወደ ዝናቡ ወጣ። ሄደ ብለን ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ከጓሮ ያነሣውን ትልቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጭቃው በፊቱ እየወረደ ገባና ሸጋው እግር ሥር ተንበረከከ። ሸጋው ፈጥኖ ተነሣ። ድንጋዩን በዚያ በማይዘረጋው እጁ አውርዶለት አቅፎ ሳመው፤ ሁለቱም አለቀሱ።

እኔም ወጣሁ። ከዚያው ጓሮ ድንጋይ አንሥቼ፣ ማጅራቴ ላይ አድርጌ ገባሁና በሰው ሁሉ ፊት ተንበረከክሁ። ሸጋው አየኝ። የኔን ግን ቶሎ አላወረደልኝም።